ከጠብታው ሽቅብ፦ ስለ አሮጌ መኪና ጭስና ስለ መሪ ዘይት

(ቅዳሜ ጠዋት ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ ለተሰበሰቡ ሹፌሮች፣ ረዳቶችና የጋራዥ ልጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። በስልክ ከተቀዳው ላይ ገለበጥኩት፤ የቃል ድግግሞሹን ብዙም አልነካሁትም።)

እንደምን አደራችሁ! አካም ቡልተን! አሰላሙ አለይኩም!

ሙቀቱ ሳይበረታ በጠዋት ስለመጣችሁ እግዜር ያክብርልኝ። ኋላ የቆማችሁ ወደፊት ጠጋ በሉ፣ ወንበር አለ። እናቶችም እንዳላችሁ አያለሁ። ደስ ብሎኛል። የዛሬው ነገር ሹፌርን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ኋላ ወንበር ላይ ልጅ አቅፎ የሚቀመጠውን ሰው ይበልጥ ይመለከተዋል። ለምን እንደሆነ ስደርስበት ታዩታላችሁ።

ስትገቡ ግቢው ውስጥ የቆመችውን ነጭ ኮሮላ አያችኋት? ዕድሜዋ እዚህ ከተቀመጡት ልጆች የግማሹን ይበልጣል። ባለቤቷ እዚሁ መካከላችሁ አለ፤ ፈቅዶልኛል። ትናንት ማታ ሞተሯን ከላይ እስከ ታች አጥበናት፣ ዛሬ በማለዳ ወደ ሐረር የሚያወጣው የደንገጎ ዳገት ግርጌ ድረስ ነድተናት ተመልሰን፣ ንጹሕ ካርቶን ላይ አቁመናታል። ማንም እንዳይነካት ብያለሁ። ስጨርስ አብረን ወጥተን ካርቶኑን እናነባለን። አዎ፣ እናነባለን። ካርቶን ይነበባል።

ዛሬ የምናገረው ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው መኪናው ጭሱን ማውጣት ባለበት ቦታ ሳይሆን መንገድ ላይ ሲተነፍስ፣ ሁለተኛው የመሪ ዘይት ሲያንጠባጥብ። ከሁለቱ በፊት ግን አንድ ነገር አስቀድማለሁ፣ እሱም ፍለጋው ነው። ፍለጋውን ያልቻለ ሰው ጥገናውን ቢችል ምን ይጠቅማል? ጤነኛውን ዕቃ አሳምሮ ይቀይራል፣ በሽተኛው እዚያው ይቀራል።

እስቲ ከፍለጋው ልጀምር።

ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው የምድር ባቡር ሰው ነበሩ። ድሬን ያቆማት ባቡር እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው። እኔ ልጅ ሆኜ ከዚራ በሚባለው ሰፈር አካባቢ ፈረንሳይኛን ከመፍቻ ጋር አብረው የተማሩ ሽማግሌዎች ሞልተው ነበር። የእኔ አስተማሪ ከእነሱ አንዱ ናቸው፣ ጋሼ ነበር የምንላቸው። ጋሼ መኪና ሲመጣላቸው መጀመሪያ መፍቻ አያነሱም። ጨርቅ ያነሳሉ። ቁጭ ብለው ያብሳሉ፣ ያብሳሉ፣ ያብሳሉ። እኛ ልጆቹ እንቸኩላለን፤ ቡሎን መፍታት እንፈልጋለን። እሳቸው ግን ቀና ብለው «ልጄ፣ ዘይት ቁልቁል ይሄዳል፤ አንተ ሽቅብ ሂድ» ይሉናል።

ዘይት ቁልቁል ይሄዳል፤ አንተ ሽቅብ ሂድ። ይህችን ያዙልኝ። ዛሬ ሌላውን ሁሉ ብትረሱት እንኳ እሷን አትርሱ።

እኔ ግን ረስቻት ነበር። ጋሼ ካረፉ በኋላ የራሴን ጋራዥ ከፍቼ ሥራ በዝቶልኝ ሳለ፣ አንድ ሰው ሃይኤስ ሚኒባሱን ይዞ መጣ። የመሪ ዘይት ይጨርሳል፣ ስትጠመዝዘው ያለቅሳል። ገብቼ ሳይ የመሪ ፖምፓው ከሥሩ በዘይት ርሷል። ጠብታው ከፖምፓው ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ አየኋት። ፖምፓው ሞቷል አልኩት። ሰውዬው ገንዘብ አልነበረውም፤ የእቁብ ብሩን አምጥቶ ፖምፓ ገዛ፣ ገጠምኩለት፣ ተመራርቀን ተለያየን። በሁለተኛው ሳምንት ተመለሰ። ያችው ጠብታ፣ በዚያው ቦታ፣ በአዲሱ ፖምፓ ጫፍ ላይ!

ያን ጊዜ ጋሼ ትዝ አሉኝ። ሞተሩን አጠብኩት፣ አደረቅሁት፣ አስነሳሁት፣ ባትሪ ይዤ ከታች ወደ ላይ ሄድኩ። ከፖምፓው በላይ፣ ከዘይት ማጠራቀሚያው ሥር የምትወጣው የመመለሻ ጎማ ሙቀት በልቷት እንደ ቀንድ ደርቃለች። የያዛት ፋሸታ፣ የጎማ ማጥበቂያው ቀለበት፣ ላልቷል። ዘይቱ ከእዚያ ይወጣና በጎማው ጀርባ ወርዶ፣ በማሰሪያው ብረት ተንሸራቶ፣ ፖምፓው ላይ ደርሶ ነው የሚንጠባጠበው። አንድ መዳፍ የምታህል ጎማና ሁለት ፋሸታ! ለሻይ በሚከፈል ገንዘብ የሚያልቅ ሥራ። የእጅ ዋጋዬን መለስኩለት። የፖምፓው ግን በእኔ ችኮላ ሄደ። ሰውዬው ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ በአክብሮት ሰላም ይለኛል፤ ያ ሰላምታው እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ስለዚህ ወንድሞቼ፣ ከመፍታታችሁ በፊት እጠቡ። ስታጥቡ ዲናሞውንና የኤሌክትሪክ ዕቃውን በፌስታል ሸፍኑ። ሞተሩ ትኩስ ሳለ ቀዝቃዛ ውሃ አትልቀቁበት። ሲደርቅ ነጭ ሶፍት ያዙና ጠብታውን ንኩ። ቀይ ወይም ሮዝ ሆኖ የሚያሟልጭ ከሆነ የመሪ ወይም የአውቶማቲክ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት ነው። ጥቁር ከሆነ የሞተር ዘይት ይሆናል፤ የመሪ ዘይትም ሲያረጅና ሲቃጠል ይጠቁራል፣ ስለዚህ አሽትቱት። አረንጓዴና ውሃ ውሃ የሚል ከሆነ የራዲያተር ነው። ሶፍቱን አስቀምጡት፤ ለባለቤቱ አሳዩት። የመኪና ባለቤት ዓይቶ ሲያምንና ተነግሮት ሲያምን አንድ አይደለም።

ጠብታው በጣም ትንሽ ከሆነና ዱካው ካልተገኘስ? የታጠበውና የደረቀው ብረት ላይ የሕፃን ፓውደር ነስንሱበት። ጥቂት ነድታችሁ ተመለሱ። ዘይቱ በነጩ ላይ የመጣበትን መንገድ ራሱ ሥሎ ያሳያችኋል። አንድ ነገር ግን አስቡ፤ መኪና ሲሄድ ንፋስ አለ፣ የራዲያተሩም ፋን አለ። ዘይቱ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላም ይገፋል። ስለዚህ ፍለጋው ሽቅብ ብቻ ሳይሆን ወደፊትም ነው።

አሁን ወደ ጭሱ ልሂድ። እናቶች፣ እዚህ ላይ ስሙኝ።

ዓመታት ሆኖታል። ለሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ቤተሰቤን ይዤ ወጣሁ። ያኔ የምነዳው ፔጆ 404 ነው፣ ባለ ሦስት ረድፍ ወንበሩን። ፔጆ 404 ምን እንደሆነ ለሐረር ሰው አልነግርም፤ ታክሲው ሁሉ እሱ ነበር። እናቴ፣ እህቴና የእህቴ ሁለት ልጆች ተሳፈሩ። የስለት ጥላ፣ ሻማ፣ ፍራሽ፣ ድስት፣ ምኑ ቅጡ! ኋላው አልዘጋ አለኝ፤ በሩን በገመድ ወደ ታች ስቤ አሰርኩት። አንድ ክንድ ያህል ክፍት ቀረ። ማርሚታው፣ የጭሱ ድምፅ ማፈኛ፣ ደግሞ ቀዳዳ እንደነበረው አውቃለሁ። መካኒክ ነኝ፣ ድምፁን እየሰማሁ ነው የከረምኩት። «ከበዓል በኋላ እበይደዋለሁ» ብዬ ተውኩት።

ደንገጎን ስንጀምር ዝናብ መጣ። ታውቁታላችሁ፣ ከድሬ ተነስታችሁ ሽቅብ ስትወጡ አየሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይለወጣል፤ ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ናት፣ ሐረር 1900 ሜትር ትጠጋለች፤ ላዩ ብርድ ነው። መስኮቱን ሁሉ ዘጋን። ጥምዝምዙን ስንወጣ እናቴ «ራሴን» አለች። እህቴ ሎሚ አውጥታ አሸተተቻት። «ደንገጎ ሁልጊዜ ያዞረኛል» አለች እናቴ። እውነት ነው፣ ብዙ ሰው ያዞረዋል። ቀጥሎ እህቴ ማቅለሽለሽ ጀመራት። የእኔም ራስ ከብዷል፤ እኔ ግን በዚህ መንገድ ስንት ዓመት ነድቻለሁ፣ አዙሮኝ አያውቅም። እህቴ ትንሹን ልጅ ጠራችው። አራት ዓመቱ ነው፣ ኋላ ፍራሹ አጠገብ ተኝቷል። ጠራችው፣ አልመለሰም። ነቀነቀችው፣ አንገቱ ዘንበል አለ።

መኪናውን እንዴት እንዳቆምኩ አላስታውስም። በዝናቡ ውስጥ አቅፌው ወጣሁ። ፊቱን ለንፋስ ሰጠሁት። ቆየ። ለእኔ ዓመት ያህል ቆየ። ከዚያ አስመለሰው፣ ከዚያ ጮሆ አለቀሰ። እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ለቅሶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም። ሁላቸውንም በሌላ መኪና ወደ ሐኪም ወሰድናቸው። ልጁ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል።

ምንድን ነበር የሆነው? ደንገጎ አልነበረም። ጭሱ ነበር። ከጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ አለ። ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። የምታሸቱት ሌላውን ጭስ ነው፤ ገዳዩን አታሸቱትም። ደማችን ይህንን ጋዝ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ አንዴ ከያዘው ለኦክስጅን ቦታ በቶሎ አይለቅም። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ። እንቅልፉ ነው የሚያስፈራው። ልጅ ስለሆነ ተኛ ትላላችሁ።

ጭሱ እንዴት ገባ? ቀዳዳው ከመኪናው ሆድ ሥር ነው፤ ወለሉ አሮጌ ነው፣ ስንጥቅ አያጣውም። ከዚያ በላይ ደግሞ ያሰርኩት በር አለ። መኪና ሲሄድ ከኋላው ያለው አየር ይሽከረከራል፣ ወደ መኪናው ይሳባል። የኋላ በር ክፍት ሆኖ መስኮቱ ሁሉ ከተዘጋ፣ መኪናው የራሱን ጭስ ወደ ውስጥ ይጠጣል። ስንት ሚኒባስ ነው ዕቃ በዝቶበት የኋላ በሩን በገመድ አስሮ ሲሄድ የምናየው? በየቀኑ አይደለም ወይ? እባካችሁ! እባካችሁ የኋላ በር ከፍታችሁ ሰው አትጫኑ። የግድ ከሆነባችሁ የፊቱን መስኮቶች ክፈቱ፣ ንፋስ ከፊት ይግባ፣ ማንንም ኋላ አታስተኙ።

አንድ ምልክት ልስጣችሁ። የመንገድ ማዞር አንዱን ይይዛል፣ አንዱን ይተዋል። ጭስ ግን በአንድ መኪና ውስጥ ያለውን ሁሉ ይነካል። ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ወርዳችሁ ስትናፈሱ ከተሻላችሁና ስትገቡ ከተመለሰ፣ ሎሚ አትፈልጉ፤ መኪናውን አቁሙ። ራሱን የሳተ ሰው ካለ ወደ ንፋስ አውጡት፣ ወደ ሐኪም ውሰዱት፣ ለሐኪሙም «የመኪና ጭስ ነው» ብላችሁ ንገሩት። ዳነ ብላችሁ ወደ ቤት አትውሰዱት፤ ጋዙ ከደም ለመውጣት ሰዓታት ይፈጅበታል፣ ሐኪም ቤት ያለው ኦክስጅን ነው የሚያፋጥነው። የጋራዥ ልጆችም፣ በር ዘግታችሁ ሞተር አታስነሱ። ለአምስት ደቂቃም ቢሆን።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ያኔ ቅጠሉ በእጄ ነበር። አልዘረጋሁትም።

እሺ፣ አሁን ወደ ብረቱ። ጭሱ የሚተነፍስበትን ቦታ እንዴት እናገኘዋለን? ጭስ ከሞተሩ ራስ፣ ከቴስታታው፣ ይወጣና ማኒፎልድ በሚባለው የጭስ መሰብሰቢያ ብረት ውስጥ ይሰበሰባል፣ በቱቦው ይወርዳል፣ ማርሚታው ውስጥ ድምፁን ጥሎ በጅራቱ ይወጣል። ከእነዚህ ሁሉ በጣም የሚያታልለው ላይኛው ነው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ስታስነሱ «ጢቅ ጢቅ ጢቅ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፣ ሲሞቅ ይጠፋል። ሹፌሩ «ሲሞቅ ይድናል» ይላል። አልዳነም! ብረቱ በሙቀት ሰፍቶ ስንጥቁን ለጊዜው ዘጋው። ስለዚህ ፍለጋው በማለዳ ነው፣ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ እጅ ሳይፈጅ። አንድ ሜትር የጎማ ቱቦ ውሰዱ፣ አንዱን ጫፍ ጆሯችሁ ላይ፣ ሌላውን በየመገጣጠሚያው አዙሩት። በብረትና በብረት መካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ከተቃጠለበት ቦታ ስትደርሱ ጆሯችሁ ውስጥ እንደሚተፋ ሰው ይሰማችኋል። በዓይንም ፈልጉ፤ ጭስ የሚተነፍስበት ቦታ ዙሪያው በጥላሸት ይጠቁራል።

ለታችኛው ክፍል ደግሞ ሜዳ ላይ አቁማችሁ፣ ወፍራም የረጠበ ጨርቅ ይዛችሁ፣ ረዳታችሁ የጅራቱን ቀዳዳ ለጥቂት ሰከንድ ይድፈነው። በባዶ እጅ አይደለም። ቱቦው ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ይታፈናል፣ ጨርቁን ይገፋል። ቀዳዳ ካለ ከቀዳዳው «ፍስስስ» ሲል ትሰማላችሁ።

ማርሚታ ለምን ይበሰብሳል? ብዙ ሰው ዝናብ ነው ይላል። ከውጭስ ዝናብ ይሁን፤ ከውስጥ ግን ቤንዚኑ ራሱ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይወጣዋል፣ በእንፋሎት መልክ። መኪናው ሩቅ ከሄደ ማርሚታው ይግልና ውሃው ተኖ ይወጣል። ከመጋላ ከዚራ፣ ከከዚራ መጋላ እያለ እዚሁ ከተማ ውስጥ ከዋለ ግን ሳይግል ይጠፋል፣ ውሃው ውስጡ ይተኛል፣ ላሜራውን ከውስጥ ይበላዋል። ከውጭ ቀለሙ ያማረ ማርሚታ በጣት ሲጫኑት የሚገባው ለዚህ ነው። ማርሚታውን የሚያንጠለጥሉትንም ጎማዎች እዩ። አንዷ ስትበጠስ ክብደቱ ሁሉ ብየዳው ላይ ያርፋል፤ ደንገጎ ላይ እየተወዛወዘ ይሰነጥቀዋል። ብየዳውን ደጋግማችሁ ከመበየድ ጎማዋን ቀይሩ።

ስለ ብየዳው የራሴን ነገር ልንገራችሁ። ረዳት ሳለሁ፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ ይሆናል፣ አንድ ማርሚታ እንድለጥፍ ተሰጠኝ። ላሜራ አልነበረም። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ቆረጥኩና አለበስኩት፣ በየድኩት። ነጭ ጭስ ወጣ፣ አፌ ጣፈጠኝ፣ ግድ አልሰጠኝም። ማታ ቤት ገብቼ እራት ሳልጨርስ ብርድ ብርድ አለኝ። በድሬ ሙቀት ጥርሴ ተንቀጫቀጨ! እናቴ ሦስት ብርድ ልብስ ደራረበችብኝ። ወባ ነው ተባለ። ድሬ ላይ ሌላ ምን ይባላል? በማግስቱ ከሰዓት ተነሳሁ፤ ምንም የለኝም። ለጋሼ ስነግራቸው «ቆርቆሮ በየድክ?» አሉኝ። ቆርቆሮ ዚንክ ተለብጧል። ዚንኩ ሲቃጠል የሚወጣውን ነጭ ጭስ የተነፈሰ ሰው ከሰዓታት በኋላ ልክ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። ስንቶቻችሁ ናችሁ እንዲህ ሆናችሁ የወባ መድኃኒት የዋጣችሁ? እጃችሁን አታውጡ፣ በልባችሁ መልሱ። ስትበይዱ ንጹሕ ላሜራ ፈልጉ፤ ዚንክ ያለበትን የግድ ከተጠቀማችሁ ልባሱን መጀመሪያ ፍቃችሁ አንሱ፣ ንፋስ ባለበት ሥሩ። የባትሪውን ገመድ ፍቱ፣ የቤንዚን ታንኩና ቱቦው የት እንዳለ እዩ። የድሮ መኪና ጓርኒሲዮን ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ በደረቁ አትፋቁት፣ በኮምፕሬሰር አትንፉት። አርጥባችሁ አንሱት። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም።

የማኒፎልድ ቡሎኖችን በተመለከተ አንድ ቃል ብቻ፦ ትዕግሥት። ስንት ዓመት ግለው የቀዘቀዙ ናቸው። ከዋዜማው ዝገት የሚፈታ ዘይት አጠጧቸው፣ ይደሩ። ስትፈቱ ግማሽ ዙር ፍቱ፣ ሩብ ዙር መልሱ። ከተበጠሰ በተረፈው ጉቶ ላይ የቡሎን ማሰሪያ ዳዶ አስቀምጣችሁ ከውስጥ በይዱት፤ ሙቀቱ ራሱ ያላቅቀዋል፣ ዳዶውን ይዛችሁ ታወጡታላችሁ። አዲስ ጓርኒሲዮን ከማስገባታችሁ በፊት የማኒፎልዱን ፊት በቀጥ ያለ ብረት ለኩ። ከተጣመመ ጓርኒሲዮን ብትደራርቡበትም ተመልሶ ይቃጠላል፣ ብረት የሚላግበት ቶርኖ ቤት ሄዶ ይስተካከል። ስታጠብቁ ከመሐል ወደ ዳር። ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ ተመለሱበት።

አሁን መሪው። ፔጆ 404 የነዳ ሰው በክንዱ ነበር የሚጠመዝዘው፤ የሚንጠባጠብ የመሪ ዘይት አልነበረውም። ዘይቱ የመጣው ምቾቱን ተከትሎ ነው። ሞተሩ በቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶ፣ ፖምፓውን ያሽከረክራል፣ ፖምፓው ዘይቱን በወፍራሙ ቱቦ ወደ መሪው ጥርስ ይገፋል፣ ዘይቱ ለክንዳችሁ አግዞ በቀጭኑ ኃይል በመመለሻው ጎማ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። የሚሄድበትና የሚመለስበት አንድ አይደሉም! የጎማችሁ ንፋስ 30 ፓውንድ ገደማ ነው። መሪው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ በመሄጃው ቱቦ ውስጥ ያለው ከ1000 ፓውንድ በላይ ይደርሳል። ስለዚህ መሪውን ጥግ ድረስ ጠምዝዛችሁ ይዛችሁ አትቁሙ፤ ከጥቂት ሰከንድ በላይ ከቆየ ፖምፓው ሊቃጠል፣ ዘይት የሚያግደው ጎማ፣ ፓራሊዮው፣ ሊገፋ ይችላል።

ይህን ቁጥር የነገርኳችሁ ለሌላም ነገር ነው። የመሄጃ ቱቦው የመርፌ ቀዳዳ ያህል ከተበሳ፣ የሚወጣው ዘይት ዓይን አያየውም፣ ቆዳ ግን ይበሳል። ሞተሩ እየሠራ በእጃችሁ እየዳበሳችሁ አትፈልጉ። በካርቶን ፈልጉ፣ ካርቶኑ ይረጥብ። እጁን የተወጋ ሰው መጀመሪያ እሾህ የወጋው ያህል ነው የሚመስለው፤ ዘይቱ ግን ሥጋው ውስጥ ገብቷል። እስከ ማታ አያሳድረው፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይሂድ።

ከየት ነው የሚያፈሰው? ከርካሹ ጀምሩ። ፋሸታውና የመመለሻው ጎማ፤ ታሪኩን ነግሬአችኋለሁ። የምትቀይሩት ጎማ ለዘይት የተሠራ ይሁን። የራዲያተር ውሃ ጎማ በዘይት ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በወሩ ይቀደዳል። ቀጥሎ የማጠራቀሚያው ክዳንና የጎማ ቀለበቱ፣ ኦሪንጉ። ቀጥሎ ቱቦው በቡሎን በሚታሰርበት ቦታ ያሉት የመዳብ ቀለበቶች፣ ሮንዴላዎቹ፤ አንዴ የተጨፈለቀች ሮንዴላ ሁለተኛ አትዘጋም፣ ቀይሯት። ቀጥሎ የመሄጃው ቱቦ ጎማው ከብረቱ የተጨመቀበት አንገት። እሱን በፋሸታ አታስሩት! በፋሸታ የታሰረ የመሄጃ ቱቦ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ አይደለም፤ ባየሁ ቁጥር እደነግጣለሁ። ካልተገኘ የሃይድሮሊክ ቱቦ የሚጨምቁ ሰዎች ዘንድ ውሰዱት፣ ለዚያ ጉልበት የተሠራ ጎማ ይልበስ። ከዚያ በኋላ ነው የፖምፓው ዘንግ ፓራሊዮ የሚመጣው። መጨረሻ ላይ የመሪው ጥርስ። ጥርሱ ከሆነ ግራና ቀኝ ያሉት እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፉት ኩፊያዎች ውስጥ ዘይት ተጠራቅሞ ታገኛላችሁ፤ ጨመቅ አድርጓቸው።

ምን ዘይት? ብዙዎቹ የድሮ ቶዮታዎች ቀዩን የካምቢዮ ዘይት፣ ኤቲኤፍ የሚባለውን ነው የሚጠጡት። ሁሉም መኪና ግን እሱን አይጠጣም፤ ክዳኑ ላይ ተጽፏል፣ ጠርጋችሁ አንብቡት። የፍሬን ፍሉድ ግን በጭራሽ! መንገድ ላይ ዘይት አልቆበት ፍሬን ፍሉድ የጨመረ ሰው መኪና መጥቶልኝ ያውቃል። በጥቂት ቀን ውስጥ ፓራሊዮው ሁሉ አብጦ ሊጥ ሆኗል። አንድ ፋሸታ የነበረው በሽታ ሙሉ የመሪ ሥራ ሆነ። «ሊክ ያቆማል» ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውንም ጠንቀቅ በሉ። የደረቀ ፓራሊዮን ያለሰልሳል፣ ለጊዜው ይይዝ ይሆናል፤ የተሰነጠቀ ጎማና የላላ ፋሸታ ግን አይዘጋም።

ዕቃውን ከቀየራችሁ በኋላ አየሩን ማስወጣት አለ። ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ይቸኩላሉ፤ ዘይት ሞልተው ሞተር ያስነሳሉ። ፖምፓው አየር ይበላል፣ ያለቅሳል፣ አዲሱም ዕቃ ያረጃል። ፊቱን በክሪክ አንሱ፣ በቋሚ ብረት ደግፉ፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብላችሁ ጠምዝዙ፣ አሥራ አምስት ሃያ ጊዜ። አንድ ሰው ማጠራቀሚያው ላይ ቆሞ አረፋ ሲወጣ ይይ፣ ሲጎድል ይሙላ። አረፋው ሲያልቅ አስነሱ። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ አየር አለው፤ አጥፉት፣ ይረፍ፣ ድገሙት።

ደንገጎ ላይ ዘይቱ ድንገት ቢያልቅ ወይም ቺንጋው ቢበጠስ መሪው ይከብዳል እንጂ አይጠፋም። ጎማውና መሪው በብረት እንደተያያዙ ናቸው። በሁለት እጃችሁ ያዙ፣ ማርሽ ቀንሱ፣ ቀስ ብላችሁ ጥግ ያዙ። ሞተሩን እየሄዳችሁ አታጥፉ። በአንዳንድ መኪና ያው ቺንጋ የውሃ ፖምፓውንም ስለሚያዞር የሙቀት መርፌዋንም እዩ።

ሁለቱን ነገር ለምን በአንድ ቀን እንዳነሳሁ ልንገራችሁና ላብቃ። በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ የመሪው ዘይት ቱቦና የጭሱ ማኒፎልድ ጎረቤት ናቸው፤ አንዳንዱ ላይ መካከላቸው አራት ጣት አይሞላም። ማኒፎልዱ ሲተነፍስ እሳቱ ጎማውን ይጠብሰዋል። ጎማው ሲሰነጠቅ ዘይቱ ማኒፎልዱ ላይ ይንጠባጠባል። ደንገጎን በሁለተኛ ማርሽ ጭነት ይዞ የሚወጣ ሞተር ማኒፎልዱ በመቶዎች ዲግሪ ነው የሚግለው፤ ዘይቱን ለማቀጣጠል ይበቃል። መጀመሪያ የተቃጠለ ዘይት ይሸታችኋል፣ ከዚያ ከኮፈኑ ጠርዝ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። ያን ጊዜ ጥግ ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ ሰዉን አውርዱ፣ አርቁት። ኮፈኑን ወዲያው ብድግ አታድርጉት፤ አየር ሲገባ ነበልባሉ ፊታችሁን ያገኛል። ስንጥቁን ብቻ ከፍታችሁ በዱቄት ማጥፊያው ንፉ። ውሃ አትድፉበት፣ ዘይቱን ይዞ ይሄዳል። ማጥፊያችሁ ከወንበር ሥር አለ? መርፌው አረንጓዴው ላይ ነው? ዛሬ ከመሄዳችሁ በፊት እዩልኝ።

በቃ፣ ፀሐዩም ወጣ። ጥያቄ ያለው መኪናዋ አጠገብ ይጠይቀኝ። ባለቤቱ ና፣ አንተ ቅደም፣ ኮፈኑን ክፈት። ረዳቶች፣ ሁለታችሁ ክሪክና ቋሚውን ብረት አምጡ። ካርቶኑን ማንም እንዳይረግጠው። ከዚህ ሆኜ አንዲት ቀይ ነጥብ ትታየኛለች፣ ከቀኝ ጎማ ትንሽ ወደ ኋላ። እስቲ ሶፍት የያዘ ሰው ይጎንበስና ከእሷ ሽቅብ ይንገረን።